የታጁራ ሰላጤ ጉዞአችንና ባዶው ቁም ሣጥን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአዳራሹ ውስጥ በተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ ከሳይንስ ላቦራቶሪው በር አጠገብ የቆመውን ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ሳታዩት አላለፋችሁም። የእንጨት ሥራ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ለዚህ በዓል ብለው ሁለት ወር ሙሉ ለፍተው የሠሩት ነው። መስተዋቱ ተወልውሏል፤ መደርደሪያው በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ «ከታጁራ ሰላጤ የመጣ ኮራል» የሚል ጽሕፈትም ገና ከመሄዳችን በፊት ተጽፎ ተለጥፎበት ነበር። ውስጡ ግን ኮራል የለበትም። ጠዋት በሩ ላይ ቆመው «ልጆቹ ያን ሁሉ ገንዘብ ምን አደረጉት?» ሲሉ የሰማናቸው ወላጅ አሉ። መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ለጉዞው ያዋጣችሁት እናንተ ናችሁና የዛሬው ንግግራችን ለዚሁ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው። በንግግሩ ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሄድነው 14 ተማሪዎችና 2 መምህራን ነን፤ ጊዜውም ባለፈው ታኅሣሥ ነበር። ይህን ወር የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ሙቀቱ ነው፤ በክረምት ወራት ጅቡቲ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋልና የድሬዳዋ ልጆች ነን ብለን የምንመካበት አይደለም። ሁለተኛውን ኋላ እንደርስበታለን።

ከ14ታችን ባሕርን አይተን የምናውቀው ሦስት ብቻ ነበርን። ዋና የምንችለው ደግሞ አራት ነን። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ስለ ሆነ ዋና የሚያስተምር አይደለም፤ ሲመጣ ደግሞ የሚዋኙበት ዐይነት ጎርፍ አይደለም።

ስለ ጅቡቲ ግን ሁላችንም የምናውቅ ይመስለን ነበር። ከተማችን ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1897 ሲሆን እዚህ የደረሰው በ1902 ነው፤ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው ያን ጊዜ ነው። አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1917 ነው። ዛሬ የምንሳፈርበት በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው በ2018 ነው። እንግዲህ በየቤታችን ያለው ስኳርና ሩዝ፣ ጨርቅና ቆርቆሮ የመጣው በዚያ በር ነውና፣ ባሕር ማለት ለእኛ መርከብ የሚቆምበት ውሃ ማለት ነበር። ከመሄዳችን በፊት መምህራችን «የባሕርን ጥቅም ዘርዝሩ» ብለው ባዘዙን ጊዜ ከመካከላችን አንዷ «ወደብ» ብላ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች፤ ሌሎቻችንም ብንሆን ከዚያ የረዘመ የጻፍን ይምሰለን እንጂ ያው እሱኑ ነበር በብዙ መስመር የጻፍነው።

አሁን ወደ ሰላጤው እንግባ። የአፍሪካ ካርታ ያላችሁ እንደ ሆነ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገናኙበትን የባብ ኤል መንደብን ጠባብ መተላለፊያ ፈልጉ። ከዚያ ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ ባሕሩ እንደ ጣት ወደ ምዕራብ ተቀስሮ የብስን ሲወጋ ታያላችሁ። የታጁራ ሰላጤ ማለት ይህ ነው። የጅቡቲ ከተማ በደቡቡ ዳር፣ የታጁራ ከተማ በሰሜኑ ዳር ተቀምጠዋል። ከጅቡቲ በፊት የታወቀችው ታጁራ ናት። የአፋር ሡልጣኖች መቀመጫ ሆና ወደ ሸዋ የሚወጣው የግመል መንገድ የሚጀምረው ከእርሷ ነበር፤ በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ከመርከብ የወረደው በታጁራ ነው። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ራምቦም ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ በተነሣ ጊዜ ከ1885 መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ወራት ግመል እየጠበቀ የተቀመጠው እዚያው ነው። የታሪክ መምህራችን ይህን በባቡሩ ውስጥ ሲነግሩን ግማሾቻችን እንቅልፍ ወስዶን ስለ ነበረ ዛሬ እዚህ ስናነበው ቅር አይበላቸው።

በመጀመሪያው ቀን የሄድነው ወደ ሙሻና ወደ ማስካሊ ደሴቶች ነው። ከጅቡቲ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ላይ ይርቃሉ። ጀልባችንን የሚነዱት ጺማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ነበሩ። አፋርኛም፣ ሱማሌኛም፣ ዐረብኛም፣ ጥቂት አማርኛም ይናገራሉ። እኛም በአገራችን ልማድ «አዴር» አልናቸው፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። እርሳቸውም የመንሳፈፊያ ሰደርያውን በየአንዳንዳችን ደረት ላይ ራሳቸው እያሰሩ «አንቺ ዋና ትችያለሽ? አንተስ?» ብለው ጠየቁን። አራት እጅ ብቻ ሲወጣ አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ከወደቡ ስንወጣ መርከቦቹ እንደ ተራራ በላያችን ቆመው ነበር። ከዚያ ማዕበሉ መጣ፤ ስለ ቀጣዩ ግማሽ ሰዓት ብዙ ባንናገር ይሻላል። ቁርስ የበላን ሁሉ ለዓሣ ሰጠን ብለን እንለፈው።

ሙሻ ዝቅ ያለች ጠፍጣፋ ደሴት ናት። ተራራ የላትም፤ ምንጭም የላትም። ስለ እርሷ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ1840 ካፒቴን ሞርስቢ የተባለ የእንግሊዝ መርከበኛ ከታጁራው ሡልጣን ጋር ተዋውሎ ደሴቲቱን በዐሥር ከረጢት ሩዝ ገዛት ይባላል። በኋላም ለፈረንሳይ ተለቀቀች፤ ጅቡቲ በ1977 ነጻ ስትወጣም የጅቡቲ ሆነች። እኛም በአሸዋው ላይ ተቀምጠን ዐሥር ከረጢት ሩዝ በዛሬ ዋጋ ስንት እንደሚሆን ስናሰላ ቆየን። አዴር ግን ስሌታችንን ሰምተው ሳቁና «ሡልጣኑ የሸጠው የላዩን ነው፤ የታቹን አላየውም ይሆናል» አሉን።

የታቹ ማለት ምን እንደ ሆነ የገባን የውሃ መነጽር አጥልቀን ፊታችንን ወደ ውሃው ባስገባን ጊዜ ነው። ዋና የማንችለው ዐሥራችን እስከ ወገባችን በሚደርሰው ውሃ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን አጎንብሰን ነበር፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየን ሣር የምንግጥ ሳንመስል አንቀርም። ነገር ግን ከታቻችን ከተማ ነበር። ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ቡናማ ቀለም ያለው፤ አንዱ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣ፣ ሌላው እንደ ድፎ ዳቦ የተቆለለ፣ አንዱ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ። በየቀዳዳው ዓሣ ይገባል፤ ይወጣል። ብርቱካን መልክ ያላት ትንሽ ዓሣ የባሕር አኒሞን በሚባለው፣ አበባ በሚመስለው እንስሳ ክንዶች መካከል ተሸሽጋ ታየናለች። የአኒሞኑ ክንዶች ሌላውን ዓሣ እንደ ሳማ ይለበልባሉ፤ እርሷን ግን አይነኩም። በአንድ ስንጥቅ ውስጥ ሞሬ የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋል። የሚያስፈራራ መስሎን አፈገፈግን፤ መምህራችን ግን እንዲያ የሚያደርገው ለመተንፈስ መሆኑን ነገሩን።

ስለ ኮራሉ ትንሽ ማብራራት አለብን፤ የቁም ሣጥኑ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና። ኮራል ድንጋይ ይመስላል፤ ድንጋይ ግን አይደለም፤ ተክልም አይደለም። ፖሊፕ የሚባሉ፣ ብዙዎቹ ከጤፍ ጥቂት ከፍ የሚሉ እንስሳት አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት ቤት ነው። እያንዳንዷ ፖሊፕ ከባሕሩ ውሃ ኖራ የመሰለ ነገር እየወሰደች ከሥሯ ትገነባለች። እናቲቱ ስትሞት ቤቱ ይቀራል፤ ልጆቿም በዚያው ላይ ይሠራሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዐይን የማይታይ አልጌ ተቀምጧል፤ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርቶ አብዛኛውን ለፖሊፗ ይሰጣል፤ እርሷም መጠለያ ትሰጠዋለች። ቀለሙም የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ አልጌ ነው። ኮራል ጥልቀት በሌለው፣ ፀሐይ በሚደርስበት ንጹሕ ውሃ የሚያድገው ስለዚህ ነው።

ባሕሩ ከልማዱ በላይ ሲሞቅ ግን ይህ ጉርብትና ይፈርሳል። ከበጋው ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንኳ አልፎ ሳምንታት ሲቆይ ፖሊፗ አልጌውን ከሰውነቷ ታስወጣዋለች፤ ኮራሉም እንደ ዐጥንት ይነጣል። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ይድናል፤ ካልበረደ ይሞታል። እኛም በሙሻ ዙሪያ በደማቁ መካከል እዚህም እዚያም ነጭና ግራጫ የሆነ አይተናል። አንዱ ሙሉ በሙሉ በአረንጓዴ ዝቃጭ ተሸፍኖ ነበር፤ ዓሣም አልነበረበትም።

ድቡልቡሉ ኮራል የሚያድገው በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መምህራችን በውሃው ውስጥ የቆመ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሃያ የሚበልጥ አንዱን አሳይተውን «ይህ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉን። ስናሰላው ባቡሩ ድሬዳዋ በገባበት ዘመን ገደማ የተጀመረ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ ለመቆም የደፈረ የለም።

ችግሩ የመጣው ልንመለስ ስንል ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን አንናገርም፣ አሁንም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይስቃል፣ ከጥልቁ ዳር አንድ የተሰበረ የኮራል ቅርንጫፍ አንሥቶ በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ጀልባው ይዞ መጣ። እንደ ክንድ የሚረዝም፣ ነጭ፣ እጅግ ያማረ ነገር ነበር። ሁላችንም ደስ አለን። ቁም ሣጥኑ ትዝ አለን፤ ጽሕፈቱም ትዝ አለን።

አዴር ሞተሩን ማስነሣት ትተው ፎጣውን ተመለከቱ። «ልጆቼ፣ ይህ አይወጣም» አሉ። የሙሻ አካባቢ በ1972፣ የማስካሊ ደቡባዊ ክፍልም በ1980 የተጠበቀ ስፍራ ተብሎ እንደ ተከለለ፣ ኮራል መሰብሰብም ክልክል እንደ ሆነ ነገሩን። ነገሩ በዚህ ማለቅ ነበረበት፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን አላለቀም። «የሞተ ነው፤ የሰበርነውም እኛ አይደለንም» ያልን ነበርን። «ማን ያየናል?» ያልንም ነበርን። ከሁሉ የከበደው ግን የአንዷ ጓደኛችን ክርክር ነው። «ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባሕርን ዕድሜያቸውን ሙሉ የማያዩ ልጆች አሉ። እኛ በሰው ገንዘብ መጥተን አየን። እነርሱ ይህን በእጃቸው ቢዳስሱ የሚማሩትን በመጽሐፍ ሥዕል አይማሩትም። አንድ የተሰበረ ቅርንጫፍ ለስድስት መቶ ልጅ ይበዛል?» አለች። ለዚህ መልስ የሰጣት ቶሎ አልተገኘም።

አዴር አማርኛው ሲያጥራቸው በሱማሌኛ እየቀጠሉ፣ አንዱ ጓደኛችን እየተረጎመ፣ እንዲህ አሉን። «እኔ በዚህ ውሃ ላይ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። የመጣው ሁሉ አንድ ብቻ ነው የሚለው። የሞተ ነው ያላችሁትን ደግሞ ገልብጡትና እዩት።» ገለበጥነው። በቅርንጫፉ ሥር ከጥፍር የምታንስ ሸርጣን ጥግ ይዛ ቆማለች። አጠገቧ ቱቦ የመሰለ የትል ቤት አለ፤ በአንደኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ ሐምራዊ ቀለም ያለው አዲስ ኮራል መብቀል ጀምሮ ነበር።

መምህሮቻችን «ክልክል መሆኑን ሰምታችኋል፤ እኛ ብናዛችሁ ግን የሚመለሰው ኮራሉ ብቻ ነው» ብለው ድምፅ እንድንሰጥ ተዉን። ስምንት ይመለስ አልን፤ ስድስት ይወሰድ አልን። ጓደኛችን ከስድስቱ አንዷ ነበረች፤ ዛሬም ሐሳቧን አልለወጠችም፤ ይህን እንድናነብም የፈቀደችው ክርክሯን ሳናሳጥር እንድንናገር ቃል ካስገባችን በኋላ ነው። አዴር ልብሳቸውን አውልቀው ቅርንጫፉን ይዘው ጠለቁ። የዕድሜያቸውን ያህል ሰው እንዲያ ሲጠልቅ አይተን አናውቅም። ሲወጡ እጃቸው ባዶ ነበር።

በሁለተኛው ቀን በመኪና ወደ ምዕራብ ተጓዝን። ሰላጤው በስተ መጨረሻው በጠባብ በር አልፎ ሌላ የተከበበ ባሕር ይሆናል። ስሙ ጉበት ኤል ኸራብ ነው፤ ኸራብ በዐረብኛ ፍርስራሽ ማለት ነው። በዙሪያው ጥቁር ገደል ቆሟል፤ ጥልቀቱ ወደ 200 ሜትር ይደርሳል፤ በጠባቡ በር በኩል ማዕበሉ ሲገባና ሲወጣ ኃይለኛ ጅረት ይሆናል። በመካከሉ የሰይጣን ደሴቶች የሚባሉ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች ብቅ ብለዋል። ከላይ ከመንገዱ ሆነን አየናቸው እንጂ አልቀረብናቸውም፤ ከጓደኞቻችን ጥቂቶቹ ስማቸውን ከሰሙ በኋላ ለመቅረብም አልጠየቁም።

ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ የአሳል ሐይቅ አለ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የሚወርድ ሲሆን ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ውሃው ከባሕር ውሃ ዐሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው፤ የሚመጣውም በአብዛኛው ከዚያው ከጉበት ባሕር በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ነው። ምድሪቱ በዚያ ቦታ ትለያያለች። በኅዳር 1978 አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ አንድ ሳምንት ያህል ሲፈነዳ ስምጥ ሸለቆው በአንድ ጊዜ ሁለት ሜትር ያህል ተከፈተ። የጂኦግራፊ መምህራችን የታጁራ ሰላጤም በዚሁ ዐይነት ስንጥቅ ባሕር ገብቶበት የተሠራ መሆኑን፣ ስምጥ ሸለቆውም ከዚያ ተነሥቶ በአፋር በኩል ወደ እኛ አገር እንደሚወጣ አስረዱን። ለሺህ ዘመን የአፋር ነጋዴ ከአሳል ጨው በግመል ጭኖ ወደ ደጋ የወጣበት መንገድ እርሱን ተከትሎ ነው። እኛም ጨዉን ቀመስን፤ ከቀመስንም በኋላ ውሃ የያዘው ሰው ማን እንደ ሆነ ስንጠያየቅ ቆየን።

ሦስተኛው ቀን ታኅሣሥን የመረጥንበት ቀን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በሰላጤው ደቡብ ዳር፣ በአርታ ባሕር ዳርቻ አካባቢ፣ ፈረንጆች በስሙ ዓሣ አንበሪ የሚጨምሩበት ትልቅ ሻርክ ይሰበሰባል። ዓሣ አንበሪ አይደለም፤ ዓሣ አንበሪ በሳንባው የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው፤ ይህ ግን በስንጥቦቹ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ ነው። በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። ያደገው ከ12 ሜትር ያልፋል። ወደ ታጁራ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው፤ 3 እና 4 ሜትር የሚሆኑት ይበዛሉ። የሚመጡበትም ምክንያት ፕላንክተን ነው፤ በዚያ ወቅት ነፋሱ ሲለወጥ በባሕሩ ላይ የሚበዛው ትንንሽ ፍጥረት ማለት ነው። እንግዲህ ትልቁ ዓሣ የሚበላው ትንሹን ምግብ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ደቃቅ ጥርሶች አሉት፤ ለመብላት ግን አይጠቀምባቸውም፤ አፉን ከፍቶ ውሃውን ያስገባል፤ በስንጥቦቹ አጣርቶ ያስወጣል። ሴቶቹ የት እንደሚወልዱ እስካሁን የደረሰበት የሳይንስ ሰው የለም።

አዴር ጀልባዋን ጠዋት ወደ አርታ አምጥተውልን ነበር። ሌሎች ጀልባዎችም ነበሩ፤ ጎብኚ ጭነው ይሮጣሉ። አንድ ሰው «ያ!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ወደዚያ ይበራል። አዴር ግን ከእነርሱ ራቅ ብለው ሞተሩን አጠፉና ተቀመጡ። አምስት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ያልተናገርነው ክፉ ነገር አልነበረም፤ እርሳቸው የሚሰሙት ግን በአማርኛ ያልነውን ብቻ መሆኑን ስላወቅን በኦሮምኛ አማናቸው። «ኮራሉን ከለከሉን፤ አሁን ደግሞ ሻርኩን ሊከለክሉን ነው» ተባለ። የእናንተን ገንዘብም አስታወስን።

ከዚያ ውሃው በጀልባችን በስተ ቀኝ ጠቆረ። መጀመሪያ ጥላ ነበረ። ጥላው ግን ነጠብጣብ ነበረበት፤ በጥቁር ሰማያዊ ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች በረድፍ፣ በረድፍ። ርዝመቱ ከጀልባችን ግማሽ ይበልጣል። ጭራውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጎ እያወዛወዘ፣ አፉን እንደ መሶብ ከፍቶ፣ ከእኛ ሦስት ሜትር ላይ አለፈ። ማንም አልጮኸም። አራቱ ዋናተኞቻችን በቀስታ ወደ ውሃው ገቡ፤ እንዳይነኩት፣ ከፊቱም እንዳይቆሙ፣ ከጭራውም እንዲርቁ አዴር አስጠንቅቀዋቸው ነበር። አንዷ በኋላ እንደ ነገረችን ዐይኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ወደ እርሷም ዞሮ አየና እንደ ገና ወደ ምግቡ ተመለሰ። «እንደ ምንም ቆጠረኝ» አለች፤ የተናገረችው ግን በደስታ ነው።

በሁለተኛው ዙር ሲመጣ ጠባሳውን አየነው። ከጀርባው ክንፍ በስተ ኋላ ሦስት ጥልቅ መስመሮች፣ እኩል ተራርቀው፣ ማረሻ ያወጣው ፈር መስለው ተጋድመዋል። ዓሣ የነከሰው መስሎን ጠየቅናቸው። አዴር ዝም ብለው ወደ ጀልባችን ጭራ፣ ወደ ሞተሩ የሚሽከረከር ብረት በጣታቸው አመለከቱ። ሻርኩ ምግቡ ያለው ከላይ ስለ ሆነ ከውሃው ፊት አጠገብ ይዋኛል፤ ጀልባ ሲሮጥ ቶሎ አይሸሽም። የዚህን ሰላጤ ሻርኮች ያጠኑት ሊቃውንትም ከብዙዎቹ ሰውነት ላይ እንዲህ ያለውን ጠባሳ አግኝተዋል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ዓሣ በ2016 ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት እንስሳት መካከል መዝግቦታል።

በኦሮምኛ ያማነው ጓደኛችን ከዚያ በኋላ ለአዴር ብርቱካን ልጦ ሰጣቸው። እርሳቸውም በጥሩ ኦሮምኛ አመሰገኑት። የዚያን ጊዜ የደነገጥነውን ድንጋጤ ሻርኩ አላስደነገጠንም።

የነጠብጣቡን ነገር ጨምረን ሳንናገር አናልፍም። የአንዱ ሻርክ ነጠብጣብ ከሌላው አይገጥምም፤ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው። ሊቃውንቱ ከስንጥቦቹ በስተ ኋላ ያለውን ጎን ፎቶግራፍ አንሥተው ከቀድሞ ፎቶግራፎች ጋር ያስተያያሉ፤ ለማመሳከሪያም በ2005 የታወጀ፣ መነሻው የሰማይ ከዋክብትን ሥዕል ለማዛመድ የተሠራ የሒሳብ ዘዴ ይጠቀማሉ። በዚህ ሁኔታ የትኛው ሻርክ በየትኛው ዓመት እንደ ተመለሰ ያውቃሉ። እኛም ያየነውን በደብተራችን ሥለነዋል፤ ሦስቱን ጠባሳ ጨምረን። ሥዕሉ ከእጃችን እንጂ ከፎቶግራፍ ስላልመጣ የነጠብጣቡን ቁጥር አንምልበትም።

ያመጣነውን አሁን እናስረክባለን። አንድ ደብተር የሻርኩ፣ የሸርጣኑና የዓሦቹ ሥዕል ነው፤ አንድ ደብተር ስማቸው በአማርኛ፣ በሱማሌኛና በአፋርኛ የተጻፈበት ነው፤ አዴር እየነገሩን የጻፍነው ሲሆን አማርኛው ብዙ ቦታ ላይ ባዶ ነው፤ የቋንቋ መምህሮቻችን እንዲያግዙን እንለምናለን። ከገንዘቡ የተረፈውን ከነደረሰኙ ለዲሬክተራችን ጽሕፈት ቤት አስረክበናል፤ መዝገቡንም ማየት ለሚፈልግ ወላጅ ክፍት ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አለ። ድሬዳዋ ከገባን በኋላ ጫማችንን ስናራግፍ ከየጫማው የሙሻ አሸዋ ወረደ። ማንም አስቦ አላመጣውም። መምህራችን በማይክሮስኮፕ ሲያሳዩን ድንጋይ ሳይሆን የኮራልና የቅርፊት ስብርባሪ ሆኖ አገኘነው። አብዛኛው በፓሮት ዓሣ አፍ የደቀቀ ነው። ይህ ዓሣ በምንቃር መሳይ ጥርሱ ኮራሉን እየፋቀ ይፈጨዋል፤ የሚጠቅመውን ይወስድና የቀረውን አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል፤ ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው በዓመት በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ያወጣሉ። ያን ነጭ ዳርቻ በአብዛኛው የሠራው እርሱ ነው። አዴር ይህን ቢሰሙ ይመልስልን ይሉ እንደ ሆነ ስንከራከር ሰነበትን፤ ስድስቱ «ይህስ ይቀመጥ» አሉ፤ ስምንቱም በዚህ ተስማማን።

ስለዚህ ከትናንት ጀምሮ በቁም ሣጥኑ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ አንዲት የመድኃኒት ጠርሙስ ተቀምጣለች፤ እስከ ግማሿ አሸዋ አለባት፤ አጠገቧም ማጉያ መስተዋት አለ። ቀድሞ የተለጠፈውን ጽሕፈት አንሥተን «ከ16 ጥንድ ጫማ የተራገፈ» ብለን ጽፈንበታል። ጓደኛችን ግን ከሥሩ በእርሳስ «ኮራሉ ሙሻ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት» የሚል ጨምራበታለች፤ እኛም አልፋቅነውም። ቁልፉ ከላቦራቶሪው መምህር ዘንድ ነው።